ኮሶ ነው ለማለት ይህ ሁሉ?

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሀይኪንግ ወጥተን ነበር። ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቅ ጫካ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ጠቤ ከአንድ ቦታ ጋር አይደለም። ዳገቱን ጨርሰን ትንፋሽ ስንሰበስብ አንድ የሚያምር ሰሌዳ አየን። ስለ ዛፍ ጥበቃ ያስተምራል፣ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ። የተሰቀለው ደግሞ ዛፉ ላይ ነው፣ በአራት ሚስማር ተቸንክሮ።

ጓደኛዬ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» እያለ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ማገዶ የተሸከሙ እናት ቆም አሉ። «ምን ይላል ልጄ?» ነገራቸው። ቀና ብለው ዛፉን አዩና «ኮሶ ነው ለማለት ይህ ሁሉ?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አራታችንም ዲግሪ አለን። ኮሶ መሆኑን ግን አንዳችንም አላወቅንም። ፊቱን ያኮሳተረ ሰው ባየን ቁጥር «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እያልን አድገን፣ ዛፉ ሥር ቆመን ዛፉን አናውቀውም!

«ሰሌዳው ለቱሪስት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይሁን፣ እንግሊዝኛውም ይኑር። ግን ቅዳሜና እሁድ እዚያ የሚርመሰመሰው ማነው? ባዶ ሃይላንድ ወርውሮ የሚሄደውስ? እኛው ነን። ጫካው ሲቆረጥም ሲጠበቅም እጁ ያለበት ደግሞ የአካባቢው ሰው ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ በአማርኛ ያገኘነው አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፦ «ቆሻሻ መጣል በሕግ ያስቀጣል»። ለእንግዳው ትምህርት፣ ለኛ ማስፈራሪያ። በኦሮምኛማ ጭራሽ አንዲት ቃል የለም፣ ባላገሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ።

ሰሌዳ ማገዶ እንደማይተካ አውቃለሁ። እኚያ እናት እንጨት የሚሸከሙት ስለ ዛፍ ስላልተማሩ አይደለም፤ ከኛ በላይ ያውቃሉ። የሚያናድደኝ ሰሌዳውን ያዘጋጀው ሰው እሳቸውን የመሰለ ሰው አለመጠየቁ ነው። ጫካ መጠበቅ በዚህ አገር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የመናገሻ ሱባን ጫካ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አገር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው አያጣም።

እኔን ቢጠይቁኝ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲህ ብዬ አጽፍ ነበር፦ «ይህ ኮሶ ነው፤ በኦሮምኛ ሄጦ። የደጋ ዛፍ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወዱት አያቶችህ ለኮሶ ትል የጠጡት መድኃኒት የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። ወንዴውና ሴቴዋ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው፤ አንዱን ቆርጠህ ሌላውን ብታስቀር ዘር አይኖርም።» በቃ። ከዚህ በኋላ ያንን ዛፍ እያየ «የሆነ ዛፍ» ብሎ የሚያልፍ ካለ እሱን ሕግ ይቅጣው።

እስከዚያው ግን እባካችሁ ሚስማሩን ንቀሉለት።