ፈጠራ የሚበቅለው በሥራው ቦታ ነው

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል መሣሪያውን እያሻሻለ እዚህ የደረሰው በሥራ ላይ ሆኖ ነው። ማረሻውን ያሻሻለው ያረሰው፣ መጥረቢያውን ያሳለው የፈለጠው፣ ምድጃውን የለወጠችው በጭሱ ዓይኗ የተቃጠለባት ሴት ናት። ስለሆነም ፈጠራን ከምርት ሥራ ነጥሎ የጥቂት ተሰጥኦ ያላቸው ሰዎች ጸጋ ብቻ አድርጎ መመልከት መሠረታዊ ስሕተት ነው። ስሕተቱ በሐሳብ ደረጃ ተወስኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ በተግባር ግን ጊዜና ገንዘብ እያስባከነ ነው። ስለ ሥራ ፈጠራ በተነሣ ቁጥር አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ንግግር ይደረጋል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ሠልጣኙ ወደ ሼዱ ሲመለስ የሚጠብቀው ግን ትናንት ሲበይደው የነበረው ያው በርና ያው መስኮት ነው።

የችሎታ እጥረት እንደሌለብን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ የተጣለ ቆርቆሮ ኩራዝ፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ወጥቷል። ለዚህ ሥራ መምህር አልተቀጠረለትም፤ በጀትም አልተያዘለትም። እዚያ የተቀመጠ ቀጥቃጭ አንዱን ቁራጭ ብረት ገና ከመሬት ሲያነሣው ምን እንደሚወጣው ያውቃል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ይህን የመሰለ እጅ ስለምን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያንኑ ዕቃ ደጋግሞ ሲሠራ ይኖራል? የሚለው ነው።

የመልሱ አንድ ክፍል በታሪካችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሚስዮናውያንንና የአገር ልጆችን አሰማርተው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ከሁሉም የገዘፈው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ መንገድ እየተጠረገለት እስከ መቅደላ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ መድፉ በአምባው ላይ ቀረ፤ መድፉን ያስገኘው የሥራ ልምድ ግን የሚቀጥልበት ወርክሾፕ አላገኘም። የጋፋት ሥራ በአንድ ሰው ፈቃድ የቆመ ነበርና ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ከዚያም በኋላ ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ፣ ቡዳ ነው እየተባለም ሲሸሽ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው የሰደበው እርሳቸውን እንደሆነ ገለጹ፤ ከስድቡ ያልታቀበም አንድ ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ። አዋጁ በራሱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻል እንደሆነ እንጂ አክብሮትን በአዋጅ ማስገኘት አይቻልም። ዛሬ ባለሙያውን በአደባባይ ቡዳ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ልጁ ከቢሮ ወንበር ይልቅ የብየዳ መነጽር ቢመርጥ ግን ደስ የሚለው አባት ስንት ነው?

ፈጠራ በምን ዓይነት ሁኔታ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያሳይ ምሳሌ ከገዛ ማድ ቤታችን ማንሳት ይቻላል። እንጀራ መጋገር ከቤተሰቡ ማገዶ እጅግ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስድ ሥራ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ጎን ይበተናል፤ ለጋጋሪዋ የሚተርፋት ጭስ ነው። በ1980ዎቹ የኢነርጂ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ምርት ምድጃ ይህን ብክነት መነሻ ያደረገ ነው። አሸዋ ወይም ገለባ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ በሞልድ ይወጣል፤ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይይዙታል፤ ከኋላ የሚወጣውም ሙቀት ድስት ያሞቃል። በትክክል የተሠራ ምርት ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚያው ዘመን ለከሰል የወጣው ላቀች ምድጃ ደግሞ ሐሳቡ ከኬንያ የመጣ ነው፤ ኬንያውያን በበኩላቸው ከታይላንድ ምድጃ ተምረዋል። የውስጡን ሸክላ ሸክላ ሠሪዋ ታወጣለች፤ የውጭውን ቆርቆሮ የመርካቶው ቀጥቃጭ ያለብሰዋል።

ከዚህ ምሳሌ ልናጤነው የሚገባን ቁም ነገር አለ። ባለሙያው ሙቀቱን ለካ፤ ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን አወቀች፤ ጋጋሪዋ ደግሞ ምጣዱ ከየትኛው ጎኑ እንደማይሰማ ተናገረች። ከሦስቱ አንዷ ብትጎድል ኖሮ ዕቃው ከላቦራቶሪ ባልወጣ፣ ወይም ከወጣ በኋላ የጓሮ ዕቃ ሆኖ በቀረ ነበር። ከሌላ አገር መቅዳትም በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያውቁ መቅዳት ነው። ሞልዱን ሳይለካ፣ ሲሚንቶውን ቀንሶ፣ ግድግዳውን አሳስቶ የሚያወጣ ሰው በመልኩ ምድጃ የሚመስል ነገር ይሸጣል፤ ገዢዋ ማገዶው እንዳልቀነሰ ስታይ ግን የምትጠላው አስመሳዩን ብቻ ሳይሆን ምድጃውንም ጭምር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በሸክላው ቦይ ውስጥ ሽቦ ጠምዝዞ በቆርቆሮ ማቀፊያ ላይ ማስቀመጥ የአገር ውስጥ ወርክሾፖች ብልሃት ነው። ምጣዱ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይስባል። ሸክላውን አሳስቶ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳያመልጥ የሚያደርግ ባለሙያ ለቤተሰቡ ቆጣሪም ለአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመርም ባለውለታ ይሆናል። ይህን የሚሞክር ሰው የሚያስፈልገው ንግግር አይደለም፤ የሚሰነጠቁ ሃያ ምጣዶች ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ ነው የማኅበራቱ አሠራር የሚመረመረው። አንድ የብረታ ብረት ማኅበር ትእዛዝ የሚያገኘው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሥዕሉ ተሠርቶ፣ ልኩ ተወስኖ ይመጣለታል፤ ከዚያ ውጭ ያለ ሥራ ተመላሽ ይሆናል። ክፍያው ለወራት ሲዘገይ ደግሞ አባላቱ የሚበሉትን እንጂ የሚሞክሩበትን ብረት አይገዙም። አንድ አባል በራሱ ጊዜ አዲስ ነገር ሞክሮ ቢያበላሽ፣ የተበላሸው ብረት ከድርሻው ይቆረጥበታል፤ ቢሳካለት ደግሞ ጥቅሙ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። እንዲህ ባለው ሒሳብ ማን ይሞክራል? ችግሩን የሠራተኛው ስንፍና አድርገው የሚያወሩ ኃላፊዎች በቅድሚያ ይህን ሒሳብ ሊያዩት ይገባል።

ፈጠራን በመመሪያ ለማምረት የተደረገውም ሙከራ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካዎች የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርብ ሠራተኛ በደንብ የተወሰነ ሽልማት ነበረው። ሐሳቡ ከሠራተኛው እንዲፈልቅ መደረጉ ትክክል ነበር። ሆኖም ሐሳቦቹ በቁጥር መለካት ሲጀምሩ ቁጥሩ በዛ፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግን ምርት ቢጨምር የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከፍ እንደሚልበት ስለሚያውቅ እውነተኛውን ለውጥ ይፈራው ነበር። በእኛም አገር በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ኢንዱስትሪን ካፒታል በ500,000 ብር፣ ጅምላ ንግድን በ300,000፣ ችርቻሮን በ200,000 ብር ገድቦ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ ከልክሎ ነበር። ብዝበዛን ለመግታት የታቀደው ገደብ ወርክሾፑን ሊያሳድግ የሚችለውንም ሰው ባለበት አስቆመው። ገደቡ ከተነሣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ያደገን ሰው በጥርጣሬ የማየቱ ልማድ ግን ከአዋጁ ጋር አልተሻረም።

አንድ አባል የደከመበትን ማሻሻያ ጎረቤቱ በሳምንት ውስጥ ገልብጦ በርካሽ መሸጡ ሌላው ቅሬታ ነው። ለዚህ ሕግ አለ፤ የማያውቀው ግን ብዙ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለታላላቅ ፈጠራዎች ብቻ የቆመ አይደለም፤ ለአነስተኛ ፈጠራም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፤ ዕቃው በሥራ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠም ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የምድጃ በር፣ የወፍጮ ወንፊት፣ የጋሪ መዘውር ማሻሻያ በዚህ ሊካተት ይችላል። ማሻሻያው ማመልከቻ ከመቅረቡ በፊት በአገር ውስጥ ለሕዝብ ከታወቀ ግን አዲስነቱን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም ባለሙያው ዕቃውን መጀመሪያ በባዛር አሳይቶ ኋላ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢሄድ መብቱን በገዛ እጁ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። (ባዛር ከተነሣ ዘንድ፣ ለአገር ውስጥ አምራች በተዘጋጀ ድንኳን ውስጥ ከውጭ የገባ ፕላስቲክ የሚደረድረውን ሰው ማን እንደሚያስገባው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።)

የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኞች ስብሰባዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል አይደለም። ከየትእዛዙ ገቢ ጥቂቱን ለሙከራ ለይቶ ማስቀመጥ፣ በሙከራ የሚበላሸውን ብረት ከአባሉ ድርሻ ሳይሆን ከዚህ ገንዘብ መሸፈን፣ የተሳካውን ማሻሻያ በሠሪው ስም መመዝገብና ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ ለእርሱ መተው የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻልን ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። ገንዘቡ ይባክናል የሚል አባል ይነሣል፤ ስጋቱም መሠረተ ቢስ አይደለም። ስለዚህ ሙከራው ምን እንደተሞከረ፣ ስንት ብረት እንደፈጀና ለምን እንዳልያዘ በመዝገብ ይስፈር፤ ከሽፎ የተጻፈ ሙከራ ቀጣዩን ባለሙያ ከዚያው ስሕተት ያድነዋልና። የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ጠቅላላ ጉባኤው ሲሰበሰብ፣ የሒሳብ ሹሙ ስለ ኪራይ፣ ስለ መብራትና ስለ ብረት ግዥ አንብቦ ሲጨርስ፣ አንድ አባል እጁን አውጥቶ በዚህ ዓመት ለሙከራ ስንት ብር እንደዋለ ይጠይቅ።