ለማን ነው የምትሰግጂው?

ዮጋ በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ዴልሂ ላይ አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መገባደጃ፣ በእኛ ኅዳር 2009፣ የድርጅቱ የቅርስ ኮሚቴ ከተማችን ውስጥ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ጉባኤ የገዳ ሥርዓትም ስለተመዘገበ የሀገሩ ወሬ ሁሉ ገዳ ሆነና ዮጋው በጎን አለፈ። እኔም የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ነገሩን የማነሳው «ይሄን የፈረንጅ ነገር ደግሞ ከየት አመጣሽው?» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ፈረንጅ ልብስ አሰፋለት፣ ገበያም አወጣው እንጂ ዮጋ የህንድ ነው፤ ወደ ቅርስ መዝገብ የገባው ደግሞ በእኛ ደጃፍ ነው።

የምሠራው ሳሎን ውስጥ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍቼ ነው። ሰዓቱ ልጆቹ ሳይነቁ፣ የውኃ ተራችን በሆነ ቀን ደግሞ በርሜሉ ከሞላ በኋላ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል፤ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። ከላይ ወንበር ይጎተታል፣ ከታች ጀሪካን ይንኳኳል፣ ከአንዱ አቅጣጫ አዛን፣ ከሌላው ኪዳን በድምፅ ማጉያ ይመጣል። ዮጋን በማስታወቂያ ብቻ የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ነጭ ለብሳ የተቀመጠች ቀጭን ሴት ይጠብቅ ይሆናል። እኔ ቤት ያለችው ያረጀ ቲሸርት የለበሰች ወፈር ያለች ሴትዮ ናት። አጠገቧ ጋቢ አለ፤ መጨረሻ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ስቆይ የምለብሰው ነው። የአዲስ አበባ ማለዳ በሴራሚክ ወለል ላይ ቀልድ አያውቅም።

የጀመርኩት ለነፍሴ ብዬ አልነበረም፤ ወገቤን አሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ስለምውል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጥቂት እንቅስቃሴዎች አሳየችኝና ከዮጋ የተወሰዱ መሆናቸውን ነገረችኝ። ወገቤ ቀስ በቀስ ተሻለው። ሳልጠብቀው የመጣው ሌላው ነገር ትንፋሼ ነው።

ትንፋሼን ይዤ የምውል ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ስልክ ሲጮህ እይዛለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሚኒባሱ ሲመጣ፣ ወንበሩ ሳይደርሰኝ ያልቅ ይሆን እያልኩ እይዛለሁ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ መልእክት ስከፍትማ አይጣል ነው። ይህ የታወቀኝ ምንጣፍ ላይ ነው። አቀማመጡ ከበድ ሲል ከሁሉ በፊት የሚቆመው ትንፋሽ ነው፤ እሱ ሲቆም ግንባር ይቋጠራል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ሐሳብም የሚጣላው ሰው ፍለጋ ይወጣል። እግሬን ዘርግቼ ጎንበስ ባልኩበት፣ ከዓመታት በፊት መልስ ሳልሰጣት ከቀረሁ ሴት ጋር ስከራከር ራሴን አግኝቼዋለሁ።

የዮጋ አስተማሪዎች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ የሚወጣውን ትንፋሽ አስረዝሙት ይላሉ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። አየር ስናስገባ ልብ በጥቂቱ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትዘገያለች፤ የሚያዘገያት ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በደረት አልፎ ሆድ ድረስ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህ ወደ 6 ሲወርድ የልብ ምቱም የደም ግፊቱም ከትንፋሹ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራሉ፤ ሰውነትም ይረጋል።

እዚህ ላይ በጣም የምወደውን አንድ ጥናት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሉቺያኖ ቤርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተሙት ነው። 23 ጤነኛ ሰዎች ሁለት ነገር እንዲደግሙ ተደረገ፦ አንዱ ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚያደርሱት የማርያም ጸሎት በላቲን፣ ሌላው መንትራ የሚባለው እየተደጋገመ የሚባል የአምልኮ ቃል። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ አለ። የጸሎቱ ርዝመት ራሱ ትንፋሹን ለክቶ ሰጣቸው ማለት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ እግዚአብሔርም የሚናገረው የለም፤ ከዚህ ተነስቶ «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» የሚለኝ ካለ አልተባበረውም። እኔን ያስታወሰኝ አያቴን ነው። መቁጠሪያዋን ይዛ 41 እግዚኦታዋን ስታደርስ ድምፅዋ እየረጋ፣ እየረዘመ ይሄድ ነበር፤ ቀን ከሠራተኛ ጋር የተጨቃጨቀችው ሴት እና ያቺ ሴት አንድ አይመስሉም። ልጅ ሆኜ ጸሎት የቃል ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ደረቷን አላየሁትም።

ለውጡን ያየሁት ቅዳሴ ላይ ነው። ሥጋዬ ዓምድ ተደግፎ ቆሞ ልቤ መርካቶ የሚውል ሰው ነኝ። አሁንም መርካቶ ይሄዳል፤ ግን ቶሎ እደርስበታለሁ። ክብደቴ በአንድ እግሬ ላይ ሲወድቅ ይሰማኛል፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ ይታወቀኛል፣ ያኔ «የት ነበርሽ?» ብዬ ወደ ዲያቆኑ ድምፅ እመለሳለሁ። ዮጋ የሰጠኝ ይህንን ነው። ብርሃን አላየሁም፣ ከመሬት ከፍ አላልኩም፣ ከአጽናፈ ዓለሙ ጋርም አልተዋሐድኩም። ብዙ የዮጋ መምህራን የሚያወሩለትን ያን ታላቅ መንፈሳዊ ትስስር ለሚያገኙት ይሁንላቸው፤ እኔ የተገናኘሁት ቀድሞም ከማውቀው አምላክ ጋር ነው፣ ያም ቆሜ መጠበቅ ስለቻልኩ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን ማሕሌት መቆሙ፣ ዝማሜው ሁሉ ሥጋን ጸሎት የሚያስተምር ነው። አቋቋም የሚማር ሰው መቋሚያው ወዴት እንደሚያዘነብል፣ እግሩ መቼ እንደሚነሳ ሲያጠና ዓመታት ይፈጃል። የዮጋ አስተማሪ ለመባል በዓለም የተለመደው መነሻ ደግሞ የ200 ሰዓት ሥልጠና ነው። ልዩነቱን አስሉት። እኛ የከተማ ሰዎች ግን ከአንገት በላይ መጸለይ ለምደናል፤ ስብከቱ በዩቲዩብ፣ መዝሙሩ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሥጋው ወንበር ላይ። እኔን ከወንበሩ ያስነሳኝ ከህንዷ ማይሶር የመጣ ነገር መሆኑ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። አላሳፈረኝም።

ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ስሄድ ግን ላብ ላብ ብሎኝ ነበር። አልተቆጡም። ሰምተው ሰምተው፣

«ልጄ፣ ለማን ነው የምትሰግጂው?» አሉኝ።

«አባ፣ ስግደት እኮ አይደለም። መተጣጠፍና መተንፈስ ነው።»

«ስትተጣጠፊ የምትጠሪው ስም አለ?»

«የለም፤ ውዳሴ ማርያሜን አድርሼ ነው የምጀምረው።»

«ምስል? ጢሳ ጢስ?»

«ምንም የለም አባ። ጋቢ ብቻ።»

ጥቂት ዝም አሉና «በሰሞነ ሕማማት ይቅር። ያን ሳምንት ስግደቱ ይበቃሻል» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከብዙ አሠልጣኞች መልስ ይበልጣል። «ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው፣ ከእምነት ጋር ምንም አያገናኘውም» የሚሉ ሰዎች እውነቱን እየተናገሩ አይደለም። የፓታንጃሊ ዮጋ ሱትራ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች አሉት፤ ስለ አካል አቀማመጥ የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። የቀረው ስለ ምግባር፣ ሐሳብን ስለ መግራት፣ ስለ ተመስጦ፣ ለአምላክም ራስን ስለ መስጠት ነው። በሌላ በኩል ዛሬ በየስቱዲዮው የሚታየው ተያያዥ እንቅስቃሴ ብዙው የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የተባሉ መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር፤ ዮጋን በዓለም ያዳረሱት አየንጋርና ፓታቢ ጆይስ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። የፀሐይ ስግደት የሚባለውን ቅንብር ደግሞ በ1920ዎቹ አውንድ የምትባል ትንሽ የህንድ ግዛት ራጃ ለጤና ይበጃል ብለው በየትምህርት ቤቱ ሲያስፋፉት ነበር። ለጆሮ ከሁሉ ይልቅ ጣዖት ጣዖት የሚሸተው ክፍል፣ አሁን ባለው መልኩ፣ ለስፖርት የቀረበው ሆኖ ተገኘ! ቢሆንም ትቼዋለሁ። አባ ደግመው ቢጠይቁኝ ሳልንተባተብ የምመልሰው እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ በ2020 ዮጋ በክርስቲያን ሕይወት ቦታ እንደሌለው አስታውቋል። በ2009፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤት መንትራና ሥርዓተ አምልኮ የተቀላቀለበትን ከልክሎ ለአካል ብቃት ብቻ የሚሠራውን ተወው። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ2017 በስፖርትነት ተቀበለችው። የሲኖዶሱን ስጋት አልንቅም፤ ስም ሳያውቁ ስም መጥራት ቀላል ነገር አይደለም። ለዕለት ኑሮዬ ግን የኢንዶኔዥያዎቹ መለያ ይበልጥ ይሠራልኛል፤ አካሉን ከአምልኮው ለይቶ ያያል፣ አምልኮውም መኖሩን አይክድም። ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሳወራላት ሰምታ «እኔ በቀን አምስቴ ነው የምተጣጠፈው፤ ማንም በወር አላስከፈለኝም» ብላ አሳቀችኝ።

ክፍያውን ካነሳን፣ ልጀምር ለሚለኝ ሁሉ የምለው አጭር ነው። መጀመሪያ ምንጣፍ አትግዛ፤ ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ይርዘም። የደም ግፊት ያለበት፣ የዓይን ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያደርጉትን አቀማመጦች ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካ። ጀርባህ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫንህ አሠልጣኝ ካጋጠመህ ተነስተህ ውጣ። መልካም ትንፋሽ ያለበት ትንሽ እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽ ከሌለበት ትልቅ መተጣጠፍ ይሻላል። መረጋጋቱ ሳይመጣ የሚቀርባቸው ማለዳዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግማሹን ጊዜ የማስበው ቁርስ ነው።

ያለፈው ሰሞነ ሕማማት እንደታዘዝኩት ምንጣፉን ጠቅልዬ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አስገባሁ። የስቅለት ዕለት ስወርድ እያስወጣሁ፣ ስነሳ እያስገባሁ ሰገድኩ፤ ጉልበቴ አልቀረልኝም፣ ትንፋሼ ግን እስከ ማታ አብሮኝ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ አንድ ነገር አሳሰበኝ። በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም። ከምሠራቸው አቀማመጦች አንዱ ደግሞ ተንበርክኮ፣ እጅን ዘርግቶ፣ ግንባርን መሬት አስነክቶ መቆየት ነው። ይሠራ ይሆን? ለአባ ደወልኩላቸው።

ሳቁ። «ስግደት አይደለም አላልሽኝም እንዴ?»