የላባ ሶሴ ዘፈን ግልባጭ ነውን?

አፍሪቃዊ ሰው የኩባን ዜማ ሲዘፍን በተሰማ ጊዜ፥ «የባዕድ ግልባጭ ነው» ብለው የሚፈርዱ ምሁራን በየአገሩ አይታጡም። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። የምንከራከረውም በሳልሳ ዘፈን ስሙ የታወቀውን የላባ ሶሴን ታሪክ ይዘን ነው።

ላባ ሶሴ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. በጋምቢያ፥ ያን ጊዜ ባተርስት ዛሬ ባንጁል በምትባለው ከተማ ተወለደ። ኋላም ወደ ዳካር ተሻግሮ፥ ኢብራ ካሴ በ1960 ባቋቋመው ስታር ባንድ ውስጥ ዘፈነ። የኩባ ሸክላ ግን እርሱ ሳይወለድ፥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በምዕራብ አፍሪቃ ሲሸጥ ኖሯል፤ ስለዚህ ዜማው ለዚህ ልጅ የጎረቤት ድምፅ እንጂ እንግዳ አልነበረም።

በቋንቋውም የሚነቅፉት አሉ። ጋምቢያን እስከ 1965 እንግሊዝ፥ ሴኔጋልን እስከ 1960 ፈረንሳይ ገዝተዋል። ላባ ሶሴ ግን ከወሎፍ ጋር አጣምሮ የዘፈነበት፥ የኩባ ጥቁሮች የሚያዜሙበት እስጳንኛ ነው። ገዢውን መኮረጅ ቢሻ ኖሮ መንገዱ በደጁ ነበረ።

ሊያሞግሱት ብለው የሚያሳንሱት ወዳጆችም አሉ። «ከበሮው በባሪያ መርከብ ከአፍሪቃ የሄደ ነው፤ እርሱም የአባቶቹን ገንዘብ መለሰ» ይላሉ። የኩባ ኮንጋ ከአፍሪቃ ከበሮ መወለዱ እውነት ነው። ነገር ግን ውርስ ያለ ድካም ይገኛል፤ ይህ ሙያ ግን እንዲያ አልተገኘም። በሳልሳ ተቀባዮቹ አንዱን ቃል እየደጋገሙ ሲመልሱ፥ አውራጁ በየመካከሉ አዲስ ግጥምና ዜማ እየፈጠረ መግባት፥ ከምቱም ዝንፍ አለማለት አለበት። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ የአገራችን አውራጅ ያውቀዋል። ላባ ሶሴ በዳካርና በአቢጃን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሮ፥ ኒውዮርክ ተሻግሮ ሞንጊቶ ከተባለው የኩባ ተወላጅ ዘፋኝ ጋር ሸክላ አስቀረጸ። የዜማው ባለቤቶች እንዲህ ከተቀበሉት፥ ነቃፊው በማን ስም ይነቅፋል?

ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በዚያችው ኒውዮርክ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር አዋሕዶ ሸክላ ማውጣቱን፥ እኛው ፈጠራ ብለን እናመሰግናለን። ጋምቢያዊው በሌላ ሚዛን የሚመዘንበት ምክንያት አይታየንም።

ላባ ሶሴ በ2007 በዳካር አረፈ። ሸክላዎቹ ግን አሉ፤ ነቃፊዎቹ ከመፍረዳቸው አስቀድሞ አንዱን ያስነሡና፥ ተቀባዮቹ ከሚገቡበት ስፍራ ጀምረው ይስሙት።