የጓሮ አትክልት በዘመነ ጸደይ ስለ ማዘጋጀት

የባሕረ ሐሳብን ትምህርት ያስተማሩ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍል ከፍለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት ብለው ሰይመውታል። ዛሬ ግን ጸደይ በተባለ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚታሰበው የመስከረም አበባ ብቻ ነው። ከዚህ የስም መደባለቅ የሚመጣ ጉዳት ባይኖር ኖሮ ነገሩን ማንሣት ባላስፈለገም ነበር፤ ነገር ግን ስሙ ሲዘነጋ የሥራው ጊዜ አብሮ ይዘነጋል። አባቶች ጸደይ ያሉት፣ መሬት ለዘር የምትሰናዳበትን፣ ሰውም ክረምቱ ሳይደርስበት እጁን ከሥራ የሚያገናኝበትን ዘመን ነው።

የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30ም አይወጣም፤ ስለዚህ ዘወትር የሚውለው በዚሁ በጸደይ ውስጥ ነው። በዚያችም ማለዳ መግደላዊት ማርያም ጌታን ባየችው ጊዜ የአትክልት ጠባቂ መስሏት እንደ ነበረ ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል። አዳምም በገነት የተቀመጠው ሥራ ፈት ሆኖ እንዲበላ ሳይሆን እንዲሠራትና እንዲጠብቃት መሆኑ በኦሪት የታወቀ ነው። እንግዲህ አትክልት መትከልና መኰትኰት፣ የተማረ ሰው ቢሠራው የሚያሳፍረው፣ የተሾመ ሰው ቢሠራው ማዕርጉን የሚያጎድልበት ሥራ አይደለም።

ዝናብ ለተሰናዳ መሬት በረከት ነው፤ ላልተሰናዳ መሬት ግን ጎርፍ ነው። ይህንም መረዳት ለማንም አይቸግርም። በበጋው ፀሐይ ደርቆ የጠነከረ መሬት የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመታው ውኃው ወደ ውስጥ ሊሰርግ ስለማይችል የላዩን መልካም አፈር ጠራርጎ ይሄዳል። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ልቆፍር የሚል ሰውም ጭቃውን ሲረግጠውና ሲያላቍጠው ይውላል፤ ያ ጭቃ በደረቀ ጊዜ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ከዘሩም አስቀድሞ አረሙ ይበቅላል። መሬቱን በጸደይ ቆፍሮ ያገላበጠ ሰው ግን ውኃው ወደ ሥሩ ይገባለታል፤ የአረሙንም ሥር ፀሐይ ያደርቅለታል።

ይህ ነገር ስለ ምን ይህን ያህል ያሳስባል ቢባል፣ ክረምት በኢትዮጵያ የጎተራ መጕደያ ወራት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ለድኃ ቤት ጭንቅ ነው። በዚያ ወራት ብዙውን ቤት አሻግሮ ለመስቀል የሚያደርሰው የጓሮ ጎመን ነበረ፤ በመስቀልም ሰሞን ጎመኑን አሰናብቶ ገንፎውን የሚቀበለው የቆየ ልማድ ለዚህ ምስክር ነው። ደግሞም ጾመ ሐዋርያት በሐምሌ 5 ቀን የሚፈጸመው፣ ጾመ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የሚጾመው በዚሁ በክረምት ነው። በጾም ወራት ሥጋና ወተት፣ ዕንቍላልና ቅቤ ከገበታ ሲርቁ ቦታቸውን የሚይዘው አትክልት ካልሆነ፣ እንጀራው ከሽሮ በቀር ሌላ ባልንጀራ አያገኝም። በግንቦት በመደብ የተዘራ ጎመን በሰኔ ተነቅሎ ቢተከል ለፍልሰታ ጾም ይደርሳል። በሐምሌ ያሰበው ሰው ግን ጾሙን የሚያሳልፈው ከገበያ እየገዛ ነው።

ከዚህም የበለጠ የሕፃናት ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ገለጠው፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። መንግሥትም ይህን ጕዳት በ2022 ዓ.ም. ገደማ ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን አውጥቷል። የሕፃን እድገት የሚሰናከልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ማጣትም፣ ሕመምም፣ ድኅነትም አለበት። ነገር ግን አንደኛው ምክንያት ሆድ ቢሞላም ምግቡ አንድ ዓይነት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጥቍር አረንጓዴ ቅጠል ያለው ጎመንና ቆስጣ፣ ካሮትና ዱባ፣ ቪታሚን ኤ የተባለውን ለዓይንና ለሰውነት የሚያስፈልገውን ነገር ይሰጣሉ። ይህ ሲታጣ በሰው ላይ የሚመጣው የዓይን ሕመም አባቶች ዳፍንት ሲሉት የኖሩት ነው፤ ሕፃናትም ሌላውን በሽታ የሚቋቋሙበት ኃይል ይደክማል። ቅጠሉ ጥቂት ዘይት ገብቶበት ቢበላ ጥቅሙ ይበልጣል፤ እሳት ላይ እጅግ ቢቆይ ግን ከጥቅሙ ብዙው ይጠፋል። ጎመን በጤና የሚለው ተረት ትዕግሥትን ለማስተማር የተነገረ ቢሆንም፣ ጎመኑ ራሱ ጤና መሆኑን የዛሬ ሐኪሞች አረጋግጠዋል።

በጓሮ የተተከለ ነገር በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ የአገሪቱ ታሪክ ይመሰክራል። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እጅ ነው። ለብዙ ዓመት ግን እምብዛም የሚያስበው ሳያገኝ ቆየ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ በመጣ ጊዜና ከዚያም በኋላ ነው ሕዝቡ ድንችን በብዛት መትከል የጀመረው። ዘሩ አስቀድሞ በአገር ባይኖር ኖሮ በዚያ ጊዜ ከወዴት ይገኝ ነበር? በደቡብም ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ጌዴኦ በየቤታቸው ዙሪያ የሚተክሉት እንሰት፣ ዝናብ ባነሰ ዓመት ስንኳ ቶሎ ስለማይጠፋ ለቤተ ሰብ የማይዘረፍ ጎተራ ሆኖ ኖሯል። የጌዴኦ ሰዎች ትልልቁን ዛፍ ከላይ፣ ቡናውንና እንሰቱን ከሥሩ፣ ሌላውንም አትክልት ከዚያ በታች አድርገው መሬታቸውን የጠበቁበት ጥበብ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጣና ሐይቅ ዳር ያለችውም ዘጌ ቡናን፣ ሎሚንና ጌሾን በገዳማውያን አባቶች በረከት እንዳገኘች በትውፊት ይነገርላታል፤ በቡናዋም እስከ ዛሬ ትታወቃለች።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ለማድ ቤት የቀረበ፣ ከመጸዳጃ ቤት የራቀ ቦታ ይመረጣል፤ ዶሮና ፍየል እንዳይገባበትም ይታጠራል። መሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ድንጋዩና የአረሙ ሥር ይለቀማል። መደቡ ስፋቱ ሁለት ክንድ ይሁን፤ ከዚህ ከሰፋ ከሁለቱም ወገን የተዘረጋ እጅ መካከሉን ስለማይደርስበት ሰው አትክልቱን ለመኰትኰት መደቡን ይረግጠዋል፣ የተረገጠ አፈርም ትንፋሽ ያጣል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ መደቡ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ሊወጣለት ይገባል፤ አለዚያ ሥሩ በክረምት ውኃ ታፍኖ ይበሰብሳል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን የፍግ ነገር ነው። የደረቀ ቅጠልና ገለባ፣ እርጥብ ሣር፣ የማድ ቤት ልጣጭ፣ የከብት እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር በየተራ እየተነባበሩ በጥላ ሥር ይከመራሉ። ክምሩ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥበት እንዲኖረው ውኃ ይረጭበታል፣ ይሸፈናል፣ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱም ይገላበጣል። ሥጋና ስብ ውሻና አይጥ ስለሚጠራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቡቃያ ስለማይስማማ፣ ፌስታልም ከቶ ስለማይበሰብስ በዚህ ውስጥ አይገቡም። እንዲህ ያለው ክምር በሚገባ ቢያዝ ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። ዘመነ ጸደይም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ድረስ 90 ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተከመረ በመጨረሻው ሳምንት ለመደብ ይደርሳል። ትኵስ እበት ሳይበሰብስ ቢደረግ ግን ሥሩን ያቃጥላል፣ የአረምም ዘር ያመጣል።

የጎመንና የቆስጣ ዘር በግንቦት በችግኝ መደብ በመስመር ይዘራል፤ በደረቅ ሣር ይሸፈናል፤ ብቅ ሲል ሣሩ ይነሣለታል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላው በደመና ቀን ወይም ወደ ማታ ተነቅሎ በሁለት ሁለት ስንዝር ርቀት ይተከላል። ካሮትና ቀይ ሥር ግን መነቀል ስለማይወዱ በቦታቸው ይዘራሉ። ዱባ በአጥር ሥር፣ በሶብላና ድንብላል በመደቡ ጠርዝ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት በደጃፍ ቢተከሉ ሰፊ ቦታ አይወስዱም። ባቄላ አፈሩን ስለሚያፋፋ አምና ጎመን በነበረበት ዘንድሮ ባቄላ ቢተካ መልካም ነው። ቲማቲም በክረምት ዝናብ ብዛት ቅጠሉ ስለሚታመም ዝናቡ ካባራ በኋላ ቢተከል ይሻላል። ለሰፊ እርሻ የተሠራ የተባይ መድኃኒትም ለማድ ቤት በሚቀነጠስ ቅጠል ላይ ሊረጭ አይገባም። ውኃውም ይታሰብበት፤ በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ መበከሉ በምርመራ የታወቀ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ካለው ወንዝ ይልቅ ከቤት ክዳን የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በበርሜል ማጠራቀም ይመረጣል።

በየመሥሪያ ቤቱ የተሾሙ ሰዎች በዚህ ነገር ድርብ ኃላፊነት አለባቸው። ዘርና ችግኝ የሚያድለው መሥሪያ ቤት ዘሩን በሚያዝያ ካላደረሰ በሐምሌ ማደሉ ለሪፖርት እንጂ ለድስት አይጠቅምም። የታደለውን ቍጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ከታደለው ስንቱ በቅሎ ስንቱ ተበላ የሚለውን መመርመር ግን የእውነተኛ ሹም ሥራ ነው። ባዶውን የሚቀመጠው የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ግቢም ቢሠራበት ለተማሪዎች ምሳ ጥቂት ማጣፈጫ አያጣም። ይሁን እንጂ ዘበኛውን ወይም ተላላኪውን በመንግሥት ደመወዝ የሹሙን የግል ጓሮ ማስቆፈር፣ ለሕዝብ የመጣውንም ዘር ወደ ቤት መውሰድ፣ ጎመኑን ከማፍራት ይልቅ ሐሜትን ያፈራል። ምሳሌ የሚሆነው በገዛ እጁ የሠራ ነው።

የካህናትም ድርሻ ከዚህ ያነሰ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደን ሊነካ፣ የመቃብሩም ቦታ ሊታረስ አይገባም፤ ይህ ለማንም ግልጥ ነው። ነገር ግን በየጉባኤ ቤቱ ዙሪያ ለመደብ የሚበቃ መሬት አይጠፋም። የቆሎ ተማሪ ቁራሹን ለምኖ፣ ደረቁን በውኃ አርሶ በልቶ ቅኔና ዜማ ሲማር ኖሯል፤ ትዕግሥቱ የሚመሰገን ነው፣ ነገር ግን ደረቅ ቁራሽ መብላቱ የትምህርቱ ክፍል አይደለም። የኔታ በጸደይ ሁለት ወይም ሦስት መደብ ቢያስቆፍሩ፣ ተማሪዎቹም በየተራ ውኃ ቢያጠጡ፣ በክረምት ያ ቁራሽ ከጎመን ጋር ይበላል። በደጀ ሰላም የሚመክር ካህንም ምእመናኑን ስለ ጓሮ ሥራ ሲያስተምር፣ የራሱን ጓሮ ያዩ ሰዎች ቃሉን ፈጥነው ይቀበሉታል።

ጓሮ የለንም የሚሉ በከተማ ብዙ ናቸው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው ግን ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ ታቹ በተበሳ አሮጌ ባልዲ ወይም በጆንያ አፈር ሞልቶ ቆስጣና ቃሪያ ሊያበቅል ይችላል። ጊዜ የለንም የሚሉም አሉ፤ ለአንድ ቤት የሚበቃው ትንሽ መደብ ግን ከተቆፈረ በኋላ በጥዋትና በማታ ከሚደረግለት ጥቂት ጉብኝት በቀር ብዙ አይጠይቅም። የጓሮ አትክልት የእህልን ቦታ ይተካል፣ የገበያውንም ውድነት ያስቀራል ማለት ከእውነት የራቀ ይሆናል። ለገበታው ወጥን፣ ለሕፃኑ ጤናን፣ ለጾመኛው ብርታትን ይጨምራል ማለት ግን እውነት ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይጀምር ዶማ ያነሣ ሰው፣ ዝናብ በመጣ ጊዜ በደስታ ይቀበለዋል። የተሰጠውን ጊዜ በቀጠሮ ያሳለፈ ግን ዝናቡን በመስኮት እያየ ዓመት ይጠብቃል። መሬቱ በደጅ ነው፤ ጊዜውም ይህ ነው፤ የቀረው የሰው ትጋት ብቻ ነው።