ድምፅ የሌላትስ?

እህቶቼ፣ እሁድ ተገናኝተን ስለ አገር ወሬ ከተነሳ አንድ አባባል ሁሌ እሰማለሁ፦ «ሕዝቡ ከመረጠው ያሻውን ያድርግ፤ ማን ከልካይ አለው?» እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደሆነ በቱኒዚያ ላስረዳ።

ካይስ ሰዒድ እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሬዚዳንት ሲሆን ከመቶ 72 በላይ ድምፅ አግኝቷል። የሕገ መንግሥት መምህር ስለነበር ሕጉን አያውቅም አይባልም። በሐምሌ 2021 ፓርላማውን አገደ። ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። አልፈርድባቸውም፤ ፓርላማው በጭቅጭቅ አሰልችቷቸው ነበር፣ ኮሮናም ሰው እየጨረሰ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን አደጋ ቢመጣ እንኳ ፓርላማው ሥራውን አያቋርጥም ይል ነበር። «ተው» የሚል ዳኛስ? የ2014ቱ ሕገ መንግሥት ያዘዘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሳይቋቋም ቀርቷል። በ2022 ደግሞ 57 ዳኞችን አባረረ። በዚያው ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያጸድቅ ድምፅ ሊሰጥ የወጣው ከመራጩ ሲሶ እንኳ አይሞላም። በብዙኃን ስም ተጀምሮ በጥቂቶች አለቀ ማለት ነው።

በትሩ ቀጥሎ ማን ላይ አረፈ? በየካቲት 2023 ጥቁር ስደተኞች የሚመጡት የአገሩን ሕዝብ ለመለወጥ በተሸረበ ሴራ ነው ብሎ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ከተከራየበት ተባረረ፣ ከሥራው ወጣ፣ ተደበደበ። ጊኒና አይቮሪ ኮስት ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን አወጡ። ከነዚህ ስደተኞች መካከል እንደኛ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችም አሉ።

ይሄ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። እኔ የምሠራበት ቤት እነሱ አምስት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ። «ፓስፖርቷን እንያዝባት ወይ?» ብለው እጅ ቢያወጡ አምስት ለአንድ ያሸንፉኛል። ታዲያ ትክክል ነው ልበል?

ምርጫ ይቅር አላልኩም። ምርጫ ማን እንደሚገዛን ይወስናል፤ ሕገ መንግሥት ደግሞ የተመረጠው ሰው ምን መንካት እንደማይችል ይናገራል። «ሕገ መንግሥቱንስ ጥቂት ሰዎች አይደሉም የጻፉት?» የምትሉኝ አላችሁ። መጥፎ ከሆነ በራሱ በተቀመጠው መንገድ ይሻሻል፤ አንድ ሰው በጭብጨባ ይርገጠው ማለት ግን ሌላ ነው።

አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ ነበር። ስንት ሰው ደግፎሻል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ አንዷ ብትለውም ይበቃ ነበር። የፊታችን እሁድ «ሕዝቡ ከመረጠው» የምትል ካለች እኔም እጠይቃታለሁ፦ ድምፅ የሌላትስ?