ጥሪ ነው ወይስ ሽርሽር?

ባለፈው ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሆዴ ባባ። ለምን እንደሆነ ወደታች ስትወርዱ ይገባችኋል። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«በአጥቢያችን የወጣቶች ኅብረት አገለግላለሁ። ሰባት ሆነን ለአሥር ቀን ወደ ደቡብ ለወንጌል ስምሪት ልንወጣ ነው። ልብስ ሰብስበናል፣ ድምፅ ማጉያም ተከራይተናል። እናቴ ግን ‘እኔ ቆሜ እያለሁ አትሄጂም!’ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማን ይቀበላችኋል፣ ምን ትበላላችሁ፣ ብትታመሚስ እያለች ነዘነዘችኝ። ለአስተባባሪያችን ስነግረው ‘ከጌታና ከእናትሽ ምረጪ’ አለኝ። አሁን እናቴን አስቀይሜ ልሂድ ወይስ ጥሪዬን ልተው? የቀረን አምስት ሳምንት ስለሆነ ቶሎ መልስልኝ።»

እህቴ፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጉድ ላውራሽ። እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። እናቴም እንደ እናትሽ አልቅሳ ነበር።

ሶደሬን ያለፈ የለም

ነገሩ የሆነው በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። ስድስት ነበርን፤ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ሁላችንም ከሶደሬ ወዲያ አገር ያለ የማይመስለን የአዲስ አበባ ልጆች። የምንሄደው ሐመር ወረዳ፣ ዲመካ አካባቢ ነው። እዚያ ከወላይታ ሄዶ ለዓመታት የኖረ አንድ ወንጌላዊ አለ ተባለ። ልንመጣ መሆኑን በሰው ላክንበት እንጂ «እንምጣ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«ክረምት ሳይገባ እንሂድ» ተባባልን። አይ አለማወቅ! ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው ብሎ የሚያስበው የእኛ ከተማ ሰው ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አነስ ያለው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይመጣል። ዝናብ ስንሸሽ ዝናቡ መሐል ገባን ማለት ነው።

ጓዛችን ደግሞ ጉድ ነው። ሞንታርቦ፣ ጄኔሬተር፣ ጊታር፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ያገለገለ ልብስ። ከልብሱ ግማሹ ሹራብና ካፖርት! ጠብ የሚል ላብ በሚያስቆጥር ቆላ ማን እንደሚለብሰው አንዳችንም አላሰብንም። አጎበር የያዘ ሰው አልነበረም። የወባ መድኃኒትማ «ጌታ ይጠብቀናል» ተብሎ ታለፈ።

ከአውቶቡስ ተራ ስንነሣ እየዘመርን ነበር። ሞጆ ድረስ ዘመርን። ሻሸመኔ ላይ ድምፃችን ጠፋ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጎማ ፈነዳ፣ ሶዶ ሳንደርስ ሁለተኛው ተከተለ። ትርፍ ጎማ ስላልነበረ ረዳቱ የፈነዳውን ተሸክሞ በሌላ መኪና ወደ ከተማ ሄደ፤ እኛ መንገድ ዳር በቆሎ እየጠበስን ዋልን። አርባ ምንጭ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። አልጋ ሞልቷል። ለስድስታችን የተገኘችው አንዲት ክፍል ብቻ ስትሆን አልጋውን ለሴቶቹ ለቀን ወንዶቹ መሬት ላይ ተኛን። ሌሊቱን ሙሉ ትኋን ሲበላን አደረ።

«በእምነት እንሻገር»

በማግሥቱ ኮንሶን አልፈን ወይጦ ደረስን። ከዚያ ወደ ቀይ አፈር የምትሄድ አይሱዙ ተገኘች፤ ሹፌሩ ትንሽ ተጨምሮለት ዲመካ ሊያደርሰን ተስማማ። ከማሽላ ጆንያ ላይ ወጥተን ተቀመጥን።

ከቀይ አፈር ወዲያ መንገዱ አንድ አሸዋማ ወንዝ ያቋርጣል። ወንዝ ልበለው እንጂ ጠብታ ውሃ የለበትም። ደረቅ አሸዋ ነው። ሹፌሩ ግን መኪናውን አቁሞ ወረደና ወደ ተራራው አየ። እኛ ራስ ላይ ፀሐይ ነው፣ ተራራው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

«አንድ ሁለት ሰዓት እንጠብቅ» አለ።

የእኛ መሪ ደግሞ ቸኩሏል። ማታ ፕሮግራም አለ ብሎ አስቧል። «ጋሼ፣ እኛ ጸልየን ነው የወጣነው፣ በእምነት እንሻገር» አለው። ሁላችንም «አሜን!» አልን። እኔም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሹፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ ገባ። መሐል ስንደርስ የኋላ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ወርደን ስንገፋ ከላይ በኩል እንደ ብዙ መኪና ዓይነት ድምፅ ሰማን። ረዳቱ «ውጡ! ሁሉን ትታችሁ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ መጣ። አምስታችን ዳር ወጣን። አንደኛዋ እኅታችን ግን እግሯ ከጎማው ሥር በተነጠፈው ድንጋይ መሐል ተይዞ ቀረች። ውሃው ወገቧ ላይ ደርሶ ነበር። እኛ ዳር ቆመን ስሟን እየጠራን ስንጮህ፣ ከማዶ ፍየል ይጠብቁ የነበሩ ሁለት የሐመር ወጣቶች ዘለው ገቡ። አንዱ እግሯን አላቀቀ፣ ሌላው ትከሻው ላይ አወጣት። እነሱን ያመሰገንንበት ቋንቋ እንኳ አልነበረንም።

መኪናዋ ተጋድማ ቀረች። ሞንታርቦው፣ ጄኔሬተሩ፣ አንዱ ማዳበሪያ ልብስና የመመለሻ ገንዘባችን ያለበት ቦርሳ በውሃው ተወሰዱ። ጊታሩ ተረፈ፤ ክሩ ግን ተበጥሷል።

ፍየል የሌለው እረኛ

በእግራችን ተጉዘን ወንጌላዊው ቤት የደረስነው በጨለማ ነው። ጭቃ እንደለበስን ቆምን። ባለቤቱ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ እሳት አነደደች፣ የልጆቿን ጀንዲ አነጠፈችልን፣ የማሽላ ገንፎ ሠራች። እሱ ወጥቶ ከሦስት ፍየሎቹ አንዷን አረደ። ሌሊት ዝናብ ጣለ። የሣር ክዳኑ ያፈስ ስለነበር የሚንጠባጠብበት ቦታ ሁሉ ቅልና ድስት ተደረደረ። እኛ ደረቁ ጥግ ላይ ተኛን። አምስት ልጆቹ የት እንደተኙ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለሦስት ቀን የመጣን እንግዶች ወንዙ ስላላሳለፈ ስምንት ቀን ተቀመጥን። በመጀመሪያው እሑድ ዛፍ ሥር ሰው ተሰበሰበና መሪያችን ስለ መልካሙ እረኛ ሰበከ። ወንጌላዊው ያስተረጉማል። ልጁ እጁን እያወናጨፈ አንድ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ትንሿን በርጩማቸውን ይዘው ተነሡና አንድ ነገር ተናገሩ። ሰዉ ሳቀ።

«ምን አሉ?» አልን።

ወንጌላዊው አፈር ብሎ፣ «ይህ ልጅ ስንት ፍየል አለው? ነው የሚሉት» አለ።

«ምንም የለኝም በላቸው።»

ሽማግሌው መልሰው ተናገሩ። «እንግዲያው የጠፋችውን ፍየል ሌሊት ፈልጎ አያውቅም። ከሚያውቁት ጋር ይቀመጥና ይስማ፣ ከዚያ ይንገረን» አሉ።

በዚያን ጊዜ ስድብ መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ በኋላ በስብከት ትምህርት ቤት ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል።

ወንዙ ሲጎድል ወንጌላዊው የስድስታችንን መሣፈሪያ እስከ አዲስ አበባ ቆጥሮ ሰጠን። «ጌታ ሰጠ» አለን። ከየት አመጣኸው ብለን አልጠየቅንም። ቀይ አፈር ላይ የጫነን ሹፌር ነው የነገረን። የቀሩትን ሁለት ፍየሎች ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ ነው። ፍየሎቹን ያረባቸው ለቤቱ ቆርቆሮ መግዣ ነበር።

መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ከአርባ ምንጭ ወዲህ ግን መዝሙር ጀመርን።

ያነበብኩት ሪፖርት

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። በተመለስን እሑድ በጉባኤ ፊት ሪፖርት ያነበብኩት እኔ ነኝ። «42 ሰዎች ቃሉን ሰምተው ጌታን ተቀበሉ» አልኩ። 42ቱ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰው በሙሉ ነው፤ የወንጌላዊው አምስት ልጆችና እኛ ስድስታችን ጭምር ተቆጥረን! ስለ ጎርፉ ተናገርኩ፣ ሰዉ እልል አለ። «የመመለሻ ገንዘባችን ቢወሰድም ጌታ በተአምር ሸፈነልን» አልኩ። ስለ ፍየሎቹ ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ሁለቱ ወጣቶችም «እኅታችንን ጌታ አወጣት» ብዬ አለፍኩ። በዚያው ቀን መዋጮ ተሰበሰበ። ለምን መሰላችሁ? ለአዲስ ሞንታርቦ!

ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ጣለኝ። ቤተሰቤ ታይፎይድ ነው ብሎ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠኝ። በአራተኛው ቀን መቃዠት ስጀምር አንዲት ነርስ «ልጄ፣ በቅርብ ጊዜ የት ሰንብተህ ነበር?» አለችኝ። ደሜ ሲመረመር ወባ ነው። እሷ ባትጠይቅ ኖሮ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።

አልጋ ላይ ሆኜ የሚታየኝ የሚያፈሰው ቤት ነው። ስድን አምስቱን ጓደኞቼን ሰበሰብኩና ሪፖርቱን እናርም አልኩ። ሁለቱ ተስማሙ። መሪያችን «የቤተ ክርስቲያንን ስም ታጠፋለህ» አለኝ። እኔም ፈርቼ ወራት አሳለፍኩ። በመጨረሻ ሦስታችን ከደሞዛችን አዋጥተን ለቆርቆሮው ገንዘብ ላክን። የደረሰው በኅዳር ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ ቀድሞት ነበር። ወንጌላዊው በጻፈልን ወረቀት ላይ ስለ ገንዘቡ አንድ መስመር፣ ስለ እኅታችን እግር ሦስት መስመር አለ። በጉባኤ ፊት ቆሜ እውነቱን የተናገርኩት ግን ከዓመት በኋላ ነው። ያኔ ከሰሙኝ ብዙዎቹ ምን እንደማወራም አላስታወሱም።

ለጠያቂዬ

እህቴ፣ ነገሩን በመጽሐፍ ቅዱስ ካየሽው ጳውሎስም መርከብ ተሰብሮበታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አንብቢ። ጊዜው አልፏል፣ አንነሣ ብሎ የመከረው እሱ ራሱ ነው፤ «እምነት ካለን እንሂድ» አላለም። 276 ሰው የጫነች መርከብ ብትሰበርም ሁሉም ተረፉ፤ ማልታ ላይ በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው የተቀበሏቸው ግን ያላመኑት የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው። ይህም በግልጽ ተጽፏል። እኔ ሪፖርት ሳነብ ያንን ቦታ ዘለልኩት።

ከእኛም አገር ምሳሌ አለ። በወላይታ የነበሩት የውጭ ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ አማኞቹ 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ አገኙ። ከዚያ የወጡት ወንጌላውያን ወደ ሌላው የደቡብ አገር ሲሄዱ ሚስትና ልጅ ይዘው፣ ቋንቋ ተምረው፣ አርሰው እየበሉ ለዓመታት ኖረዋል። የአሥር ቀን እንግዳ የነሱን ያህል ሥራ እንሠራለን ብሎ ባይመጻደቅ ጥሩ ነው።

ስለዚህ አትሂጂ አልልሽም። አስተባባሪሽን ግን እነዚህን ጠይቂው፦

አንደኛ፣ የጋበዛችሁ ማን ነው? እዚያ ያሉት ሰዎች በዚህ ወር ኑ ብለዋል? ዝናቡንና የመንገዱን ሰላም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የምትበሉትን ማን ይከፍላል? የመመለሻ ገንዘብ ለሁለት ሰው ተከፍሎ ይያዝ። ለተቀባዮቻችሁ ቀለብ የሚሆንም ከወዲሁ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ልብሱን የፈለገው ማን ነው? ካልተጠየቀ ይቅር፤ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። ምናልባት ቆርቆሮ ይሆናል።

አራተኛ፣ ወባ። የአዲስ አበባ ልጅ ሰውነት ወባን አይለምድም። አጎበር ያዙ፣ ስለ መከላከያው መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከተመለሳችሁም በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁ የት እንደነበራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አምስተኛ፣ ሹፌር ወይም የአገሩ ሰው ቁሙ ሲል ቁሙ። ደረቅ ወንዝም ቢሆን!

አስተባባሪሽ መልስ ካለው ቤት ይምጣና ለእናትሽ ይንገራቸው። እናትሽ የጠየቁት እኮ ይህንኑ ነው፤ ማን ይቀበላችኋል፣ ምን ትበላላችሁ፣ ብትታመሚስ? እኛ ስድስታችን ሳንጠይቀው የሄድነውን ነው እሳቸው የጠየቁት። መልስ ከሌለው ግን የተሳሳተው እሱ ነው፤ ጌታን ከእናትሽ ጋር ያጣላው እሱ እንጂ ጥሪሽ አይደለም። ያኔ ቅሪ፣ ጥሪው ከአምስት ሳምንት በኋላ አያልቅም።

ከሄድሽ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ስትመለሺ ሪፖርቱን አንቺ አንብቢው። ማን እንዳበላችሁ፣ ማን እንዳሻገራችሁ፣ ምን እንደተሸጠ ሳትዘይ ተናገሪ።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።