ጀግኖቹን መሬት ላይ አቁሟቸው

እ.ኤ.አ. በ2016 ጥር ወር በፈረንሳይዋ ካሌ ከተማ ዳርቻ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ወደ እንግሊዝ የሚሻገር የጭነት መኪና እንጠብቃለን። አንድ ቀን ከአገሬ ልጅ ጋር ዳቦ ፍለጋ መሀል ከተማ ስንገባ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ስድስት የነሐስ ሰዎች አገኘን። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እግራቸው ላይ ነው፤ ባዶ፣ ትልልቅ፣ ከመሬቱ አልላቀቅ ያለ እግር። የእኔ ጫማ ከረጠበ ሳምንት አልፎታል። ጓደኛዬ አንገታቸው ላይ ያለውን ገመድ አየና፣ «እነዚህም እንደኛ የጨነቃቸው ናቸው» አለኝ።

ታሪካቸውን ያወቅሁት ለንደን ከገባሁ በኋላ ነው። በ1347 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ካሌን አስራ አንድ ወር ከቦ በረሃብ አንበረከካት። ስድስት ታላላቅ ሰዎች ሕዝባቸውን ለማዳን በእጀ ጠባብ ብቻ፣ ገመድ አንገታቸው ላይ አድርገው፣ የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ወጡ። ኋላ ንግሥቲቱ ለምና አስማረቻቸው። ቀራፂው ኦጉስት ሮዳን ግን ምሕረቱን ትቶ፣ ሞትን አምነው የተነሡበትን ሰዓት መረጠ።

ካሌ በ1885 ሥራውን ስትሰጠው ያሰበችው አዛውንቱን ኡስታሽ ደ ሳን ፒዬርን ብቻ ነበር። ሮዳን ስድስቱንም ሠራ። መጀመሪያ ራቁታቸውን ቀርፆ አጥንትና ጡንቻቸውን ካጠና በኋላ ነው ያለበሳቸው። አንዱ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ አንዱ ቁልፉን ጨብጦ ጥርሱን ነክሷል፤ አንዱ ወደ ኋላ ዞሯል። ኮሚቴው ንድፉን ሲያይ ቅር አለው፤ የጠበቀው አንገቱን ያልደፋ ጀግና ነበርና።

ሮዳን ሐውልቱ አደባባዩ ላይ ከመንገደኛው ጋር ተቀላቅሎ እንዲቆም ይመኝ ነበር። በ1895 ሲመረቅ ግን ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ወጣ፤ በብረት አጥርም ታጠረ። ዝቅ ያለው በ1924 ነው፤ እሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ።

የሮዳን ምኞት ትክክል ነበር እላለሁ። ጀግናን ሰማይ ላይ ስንሰቅለው ከሥር የሚታየን አገጩና የፈረሱ ሆድ ነው። ፊቱን ያላየ ልጅ፣ ያ ሰው ፈርቶም እንደሄደ በምን ያውቃል? ዝቅ ያለ ሐውልት ይናቃል የሚሉ አሉ። እኔ ቁልፉን ከያዘው ሰው ጎን ቆሜያለሁ፤ ቁመቱ ከእኔ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንደዚያ ቀን ሰውን አክብሬ አላውቅም።

ሐውልት ልታቆሙ የምትመክሩ ሁሉ፣ ስለ ምስሉ የምትጨነቁትን ያህል ስለ መቆሚያውም ተጨነቁ። እነዚያ ስድስቱ እስከ ዛሬ በ1895ቱ መቆሚያ ላይ ቢሆኑ ኖሮ፣ እኔና ጓደኛዬ አጥሩን አይተን ወደ ዳቦው እናልፍ ነበር።